የኬይታ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ሁንልኝ ስባል እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ሙሽራው ማን እንደሆነ የጠየቅሁት እሺ ካልኩ በኋላ ነው።

«ኬይታ ይባላል» አለችኝ ሚካኤላ፣ የወዳጄ የነጋ ልጅ። «ጃፓናዊ ነው። ጋሼ ፍስሐ ፕሊስ፣ ዳዲ አንተን ይሰማል።»

«ሥራውስ?»

«ሬስ ካር ድራይቨር ነው።»

ያኔ ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ። ነጋና እኔ በዲቪ መጥተን ከአትላንታ ኤርፖርት ሰው ስናመላልስ ነው ፀጉራችን የሸሸው። ልጁን ለሹፌር እንደማይሰጥ ያልማለበት ሰንበት የለም። ሌላም ጠባይ አለበት፤ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ሰላም የለውም። ከላይ ያለውን እጀታ አንቆ ይይዛል፣ ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይረግጣል፣ «ብሬክ! ብሬክ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ቀን እኔ ስነዳ ሃይዌይ ላይ አስቁሞኝ ወርዶ በእግሩ ሄዷል። እኔን! ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስኩትን! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች አሸብርና ተስፋጽዮን ነበሩ። አሸብር ነገር ያሳምራል። ተስፋጽዮን ደግሞ እውነቱን ካልተናገረ ያመዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መላክ የሚካኤላ ስህተት ነው።

እሑድ ከሰዓት የአሸብር መኪና ጋራዥ ስለገባች ኬይታ ራሱ ከስኮትዴል ጭኖን ነጋ ወደሚኖርበት ሊልበርን ወሰደን። ሙሽራ ሽማግሌዎቹን ሲያመላልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባዶ እጃችንን ላለመግባት መንገድ ላይ ታሪኩን አስለፈለፍነው። ገና በሕፃንነቱ ትንሿን የእሽቅድድም መኪና መንዳት ጀመረ። አባቱ ዓሣ ነጋዴ ነበሩ፤ የዓሣ ማመላለሻቸውን ሸጠው ጎማ ገዙለት። ጎረምሳ ሲሆን እንግሊዝ አገር ሄደ፤ የቀጠረው ቡድን በዓመቱ ከሰረ። አገሩ ተመልሶ ሁለተኛ ወጣ፣ ሦስተኛ ወጣ፣ እንደገና ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ አሜሪካ መጣ። እዚህ ከከተማው በስተሰሜን በሚካሄደው ትልቅ ውድድር ቀኑን ሙሉ ሲመራ ውሎ የመጨረሻው ዙር ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ።

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ወርጄ ገፋሁት» አለ።

መኪና የገፋ ሰው የእኛ ሰው ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወደድኩት።

እሱን መኪናው ውስጥ እንዲጠብቅ ነግረነው ገባን። ነጋ ቤት ደንቡ እንደ ድሮው ነው፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ካለ ልጅቷን ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ተደርድረን ቆምን። ትናንት «አንተ ሰውዬ» ስለው የነበረው ነጋ ዛሬ «እርስዎ» ሆነብኝ።

«አቶ ነጋ፣ ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣነው።»

«ልጃችሁ ማነው?»

«ኬይታ ሙራኦካ።»

ነጋ ሦስታችንንም በየተራ አየን። «ከየትኛችሁ ነው የተወለደው?»

«አገሩ ትንሽ ራቅ ይላል» አለ አሸብር።

«ሥራውስ?»

አሸብር ጉሮሮውን ጠረገ። «በአውቶሞቢል ዘርፍ ዓለም አቀፍ ልምድ ያለው ባለሙያ ነው።»

«ሹፌር ነው» አለ ተስፋጽዮን።

ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ ተሰማ። የነጋ ሚስት ሣራ ናት።

«ተጋጭቶ ያውቃል?»

«አልፎ አልፎ» አለ አሸብር።

«ብዙ ጊዜ» አለ ተስፋጽዮን። «አንዴማ ተገልብጧል።»

ነገሩ ሲበላሽ አይቼ ጥልቅ አልኩ። «የቡድኑ ኢንጂነር የእርስዎ ልጅ ናት እኮ! በሬዲዮ የምታዘው እሷ ናት። ቀስ በል ስትለው ቀስ ይላል። እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ነጋ። ከዚያ እርስዎታውም ቀረና ድምፁ ዝቅ አለ። «ፍስሐ፣ አንተ ታውቀዋለህ። ሚካኤላን በስፖኪዮ ነው ያሳደግኳት። ከስኩል ፒክ አድርጌ ቤት አደርሳትና ወደ ሥራ እመለሳለሁ። አብረን የነበርነው ያን ያህል ነው። እሷ ከኋላ ትተኛለች፣ እኔ በመስታወት አያታለሁ። ሹፌር ቤቱ እንግዳ ነው። ልጄ እንግዳ እንድታገባ አልፈልግም።»

አንጀቴን በላው። የእኔም ልጆች ያደጉት እንደዚያው ነው።

ነጋ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «እዚያ መኪና ውስጥ ያለው ማነው?»

«እሱ ነው» አለ ተስፋጽዮን።

ነጋ ጃኬቱን አነሳ። «እስኪ በ285 ሃይዌይ ያዙረኝ። ሰው ሚስቱን እንዴት እንደሚያኖር አነዳዱ ይናገራል።» ብሎ ወጣ።

እኛ ቆመን ቀረን። መልስ አልተሰጠንማ። የምንቸት አብሹ ሽታ ከወጥ ቤት እየመጣ ጉልበታችንን ጨረሰው። አሸብር ግድግዳውን ሊደገፍ ሲል ተስፋጽዮን «መደገፍ ግማሽ መቀመጥ ነው» ብሎ አቀናው። ሚካኤላ ሚድታውን ካለው አፓርታማዋ ደወለች።

«ሶ፣ ምን አለ?»

«ሃይዌይ ላይ ናቸው። ኬይታ ነው የሚነዳው።»

«ኦ ማይ ጋድ» ብላ ዘጋችው።

ሰዓቱ ነጎደ። ነጋ እንደ ልማዱ ወርዶ በእግሩ እየመጣ ነው ብለን ደመደምን። እኔ ለሚካኤላ የምነግራትን በሆዴ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

በዚህ መሃል መስኮቱ ላይ የቆመችው ሣራ «መጡ» አለች። ወዲያው ደግሞ «አለፉ» አለች። መኪናዋ ቀስ ብላ ቤቱን አለፈች። ተመልሳ መጣች፣ ደግማ አለፈች።

«አግቶት ነው እንዴ?» አለ አሸብር።

ሮጠን ወጣን፤ ሩጫ ከተባለ። እኔ መንገዱ መሃል ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። መኪናዋ ሳትነቃነቅ ቆመች። ኬይታ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ነጋ ተኝቷል። አፉን ከፍቶ፣ ጭንቅላቱን የመቀመጫው ቀበቶ ላይ ጥሎ፣ እጆቹ ጭኑ ላይ፣ ፍሬን የምትረግጠው እግሩ ተዘርግታ።

«285 ላይ ነው የተኛው» አለ ኬይታ በሹክሹክታ። «ካቆምኩ ይነቃል ብዬ ነው።»

ሣራ ባሏን አየችው። «ሠላሳ ዓመት» አለች፣ «ሰው ሲነዳ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም።» እንባዋን በሽርጧ ጠረገች።

አሸብርን አስነጠሰው። ነጋ ባነነ፣ አፉን ጠረገ፣ አንድ በአንድ አየን።

«አልተኛሁም» አለ። «እያሰብኩ ነው።»

ሁላችንም በፍርሃት ወደ ተስፋጽዮን ዞርን። ተስፋጽዮን ሰማይ ሰማዩን አየ።

ነጋ ወረደ፣ ወገቡን አቀና፣ ኬይታን ትከሻውን መታ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለና ጮኸብን።

«ምን ትገተራላችሁ? ግቡና ተቀመጡ!»