ሳይነበብ የቀረው ቁጥር

ካሜራማኑ በሥራው ፈሪ ነው፤ ፈሪነቱም ከብዙ ጉድ አውጥቶታል። ከመቅረጹ በፊት ሁለት ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንዱ የካሜራው አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ልክ፣ ሌላው በእጁ የያዘው የብርሃን መለኪያ የተስተካከለበት አይኤስኦ ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መለኪያው የሚነግረው ሁሉ ውሸት ነው።

ዛሬ ግን አላነበበም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እናቱ ናት። ነገ ጠዋት ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ትሆናለች፤ ሐኪሙም ድምፅዋ ላይመለስ እንደሚችል አልደበቃቸውም። ስለዚህ ለልጆቿ ስታወራው የኖረችውን ተረት ሚስቱ ሆድ ውስጥ ላለው ልጅ ልትተውለት ነው። ሐኪሙ እንድታወራው የፈቀደላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ፊቷ ላይ ያለውን ብርሃን ለካ፣ ሌንሱን መለኪያው ባለው ልክ ከፈተና ጀመረ። እናትየው በሽታዋን ረሳችው፤ አንበሳውን ስትሆን አንበሳ፣ ጦጣዋን ስትሆን ጦጣ ናት። ተረቱ ሲያልቅ ድምፅዋም አብሮ አለቀ።

ካሜራውን ሊያቆም እጁን ሲሰነዝር የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር አየ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ! መለኪያው ደግሞ ስምንት መቶ ላይ ነው። ትናንት በጨለማ ክፍል ሲሠራ ከፍ ያደረገውን ረስቶታል፤ ያኔ ዓይኑን እንዳይወጋው ስክሪኑን ስላደበዘዘውም ፊቷ ደህና መስሎ ታይቶት ነበር። ክው አለ። ስክሪኑን ወደ ልኩ መልሶ የተቀረጸውን ቢከፍት ፊት የለም፤ ዓይንና አፍ የቀረለት ነጭ ጨርቅ ነው። ደህና ወጥቷል ብሎ መዋሸት አማረው፤ ነገ ካለፈ በኋላ ይናገራል። ነገ በሰላም ባትነሳስ?

«ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ!» አለች ድምፅ የምትቀዳው ታላቅ እህቱ።

«እማዬ፣ አበላሸሁት። ፊትሽ ነጥቶ ጠፍቷል።»

እህቱ ልትጮህበት ስትነሳ እናትየው በእጇ ገታቻት። ከንፈሯን ወደ ልጇ ጆሮ አስጠግታ፣ «ድምፄስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ድምፅሽ አለ።»

«ታዲያ ምን ያርበደብድሃል? ፊቴ እንደሆነ እስከ ነገ የትም አይሄድ።»

ካሜራውን ወደ ስምንት መቶ አወረደ። ሁለቱንም ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ፤ እህቱም መጥታ በዓይኗ አየች። ከዚያ እሱ መቅረጽ ሲጀምር እሷ የተቀዳውን ድምፅ ከፈተችው፤ እናታቸው ትንፍሽ ሳትል ከገዛ ድምፅዋ ጋር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተረቱን እንደገና ተረተችው። አንድ ቃል አላመለጣትም።

እሱ ግን ቅድም ያላየውን አሁን አየ። ድምፅዋ ጦጣዋን ሆኖ ይስቃል፤ አገጯ ይንቀጠቀጣል፤ እጆቿ ቀሚሷን ጨምድደው ይዘዋል። እማዬ ፈርታለች። ካሜራውን ጥሎ ሊያቅፋት ፈለገ፤ ተረቱ ግን ገና አላለቀም ነበር።