የካፒቴኑ እንቅልፍ

«ዓረፍተ ነገሩ ምንጭ አለው። ለአራተኛ ጊዜ ከነኩት ይታገዳሉ።»

ዘበኛው ይህን ጽፎ የተሰረዘችውን ዓረፍተ ነገር ወደ ቦታዋ ሲመልሳት፣ መርፌ የአንድ አሮጌ ስፌት መኪና ሆድ ዕቃ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግፋ፣ በአንድ እጇ ካቻቢቴ በሌላው ስልኳን ይዛ ነበር። ካቻቢቴውን አስቀመጠችው።

«መርፌ» እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ስፌት መኪና ጠጋኝ ናት፤ ስሙን ለራሷ ያወጣችው ከስምንት ዓመት በፊት፣ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ በተመዘገበች ቀን ነው። ሥራው ደሞዝ የለው፣ ምስጋና የለው፤ ግን ሰው አንዴ ከለመደው አይተወውም። ቀን የሰው መኪና ትጠግናለች፣ በየመሀሉ ደግሞ የሰው ዓረፍተ ነገር። «ዘበኛው»ም እዚያው የወጣለት ስም ነው፤ እንደሷ በጎ ፈቃደኛ ነው። ፊቱን አይታው አታውቅም። ገጾችን ከአበላሺ ይጠብቃል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደረቅ ነው እንጂ።

የተጣሉበት ገጽ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሐይቁ ላይ ስለሰጠመች ጀልባ ነው። ዘጠኝ ሰው ሞቷል። ያጣላቻቸው ዓረፍተ ነገር አጭር ናት፦ «አደጋው የደረሰው ካፒቴኑ መሪውን እንደያዘ እንቅልፍ ስለወሰደው ነው።» ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ሰርዛታለች፤ ዘበኛው ሦስት ጊዜ መልሷታል። ሴትየዋ በመጨረሻ የውይይት ገጹ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«የካፒቴኑ ልጅ ነኝ። አባቴ አልተኙም። የተበጠሰው የመሪው ገመድ ነው፤ እሳቸው ስድስት ሰው በእጃቸው ጎትተው አውጥተዋል። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ቤት ሥራ ይህን ገጽ ከፍታ ‹አያቴ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ?› አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከክፍላቸው አልወጡም። እባካችሁ።»

ዘበኛው የመለሰው ባጭሩ ነበር። «ሐዘንዎ ይገባኛል። ግን ጋዜጣ ጽፎታል፤ ቀኑም ቁጥሩም ከታች አለ። ‹አባቴ ናቸው› ምንጭ አይሆንም።»

ደንቡ ልክ ነው። መርፌ ራሷ ስንቱን በዚሁ ደንብ መልሳለች፣ ስንቱን አስለቅሳለች። አይታ ልታልፈው ነበር፤ ያቺ «እባካችሁ» ግን አላሳልፍ አለቻት። የገጹን የለውጥ ታሪክ ከፈተች። እዚያ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ የትኛውን ቃል እንደጨመረ አንድም ሳይቀር ይቀመጣል። ወደ ኋላ እየገለጠች ሄደች፤ ዓረፍተ ነገሯን መጀመሪያ የጻፈው ሰው ስም ሲመጣ ክው አለች።

መርፌ ይላል።

በተመዘገበች በአራተኛው ቀን ነው። ያኔ ምንጭ ምን እንደሆነ መቼ አውቃ! ባዶ ገጽ አገኘች፣ ከሰው የሰማችውን ሞላችበት፣ ደስ ብሏት አደረች። የጋዜጣውን ቀን አየች፤ እሷ ከጻፈች ከዓመት በኋላ፣ አደጋው በታሰበበት ዕለት የወጣ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ቃል በቃል የሷው ነው፤ «መሪውን እንደያዘ» የምትለዋ እንኳ አልተነካችም። ከዚያ ዘበኛው ጋዜጣውን አገኘና ምንጭ ብሎ ከሥሯ ለጠፈው። ልጅ እናቷን ወለደች ማለት ይኸው ነው።

«እማዬ» አለች፣ «ያ የጀልባ ካፒቴን ተኝቶ ነበር ያልሽኝ ትዝ ይልሻል?»

እናቷ የሱቁ በር ላይ ተቀምጠው የሰው ሸሚዝ ቁልፍ ይተክላሉ። ቀና አላሉም። «ተኝቶ ነበራ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰው ሁሉ ይል ነበር።»

«ሰው ሁሉ ማነው?»

«ሰው ሁሉ ነዋ። ደግሞስ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የለም እንዴ? በነዚህ ዓይኖቼ ነው ያነበብኩት።»

መርፌ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት። «እማዬ፣ ጋዜጣው የቀዳው ከእኔ ነው። እኔ የቀዳሁት ካንቺ ነው። አንቺ ደግሞ ይኸው ከጋዜጣው ትቀጃለሽ።»

እናቷ አሁን ቀና አሉ። «ታዲያ መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«ማንም።»

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር፤ ስርዝ አድርጎ ይቅርታ ማለት ነው። ግን የዛሬዋ ቀን ሌላ ጣጣ ነበረባት። መርፌ ለአስተዳዳሪነት ታጭታለች። አስተዳዳሪ ማለት ገጽ የሚቆልፍ፣ በጥባጭ የሚያግድ፣ ሁለት ሰው ሲጣላ መሀል የሚገባ ነው። ሃያ ሦስት ሰው ደግፏታል፣ ሁለት ተቃውሟታል፤ ምርጫው ዛሬ ማታ ይዘጋል። ሳንቲም የሌለው ሹመት ምን ያደርግላታል ለሚል፣ መልሱ አጭር ነው፤ ትፈልገዋለች። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። በመዝገበ ዕውቀቱ ሰፈር ግን ዶክተሩም መሐንዲሱም «መርፌ ምን ትያለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ የምስክር ወረቀት አምጪ ያላት የለም።

ያጯት ሽማግሌው ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ሲሆኑ፣ ጠብ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ጋ ስለሆነ ስሙ ጸንቶባቸዋል። ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ» ብላ ከሀ እስከ ፐ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይህን ከእኔ ሌላ ለማን ተናገርሽ?»

«ለእናቴ ብቻ።»

«በቃ። ነገ አስተዳዳሪ ነሽ። ገጹን ትቆልፊያለሽ፣ ዘበኛውን ታነጋግሪያለሽ፣ በጨዋ ደንብ ታስተካክይዋለሽ። ዛሬ ከነካሽው ግን ጥፋቷን ልትሸፍን ነው ይሉሻል።»

«ነገ ስነካውስ?»

«ነገማ ሹመቱ በእጅሽ ነው።»

«እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው፣ ጋሼ።»

«አንድ ሌሊት እኮ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ስምንት ዓመት አድሯል፤ መች ጠራ? እየደፈረሰ ሄዶ ጋዜጣ ገባ እንጂ። ሰውዬው ደግሞ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እሳቸው ምን ያህል እንዲያድሩ ነው?»

«እንዳልተኙ ግን በርግጥ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ስጽፈውም አላውቅም ነበር። ጥፋቱ እሱ ነው።»

ሽማግሌው ተነፈሱ። ተናደዋል፤ ስድስት ወር ለፍተውላታል። «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ። እሺ፣ ካልሽ መጀመሪያ ስምሽን ከምርጫው አንሺ። ከዚያ ተናገሪ። ቢያንስ በክብር ትወጫለሽ።»

«አላነሳም።» ድምፅዋ ራሷን አስገረማት። «ተደብቄ መግባትም ተደብቄ መውጣትም አልፈልግም። አውቀው ይምረጡኝ፤ ካልሆነም አውቀው ይጣሉኝ። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ድካምዎን ረስቼ አይደለም።»

ስልኩን ስትዘጋው መልእክት ገባ። የካፒቴኑ ልጅ ዓረፍተ ነገሯን አራተኛ ጊዜ ሰርዛታለች። ዘበኛው እንዳለውም አደረገ፤ ዓረፍተ ነገሯን መለሰና «እንድትታገድ እጠይቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ» ብሎ ጻፈ።

መርፌ ደሟ ፈላ። በዘበኛው ሳይሆን በራሷ ነው የተናደደችው። አንድ አባት ክፍሉን ዘግቶ ተቀምጧል፣ ልጁ ልትታገድ ነው፤ ይህ ሁሉ እሷ አንድ ከሰዓት በኋላ ደስ ይበለኝ ብላ በጻፈችው ነው። በግራሶ የተነከሩ ጣቶቿን በጨርቅ ጠረገችና የውይይት ገጹ ላይ መጻፍ ጀመረች። ቀኖቹን በተራ አስቀመጠች፤ እሷ የጻፈችበትን፣ ጋዜጣው የወጣበትን፣ ጋዜጣው ምንጭ ሆኖ የተለጠፈበትን። ለዘበኛው «አንተ ደንቡን ጠበቅህ፤ ደንቡን ያታለልኩት እኔ ነኝ» አለችው። ለካፒቴኑ ልጅ «ስለ ገመዱ የተጻፈ የምርመራ ወረቀት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ በእግሬ ሄጄ እፈልገዋለሁ» አለቻት። ይቅርታውንም ሳታስጌጥ ጻፈችው።

እናቷ ቁልፉን ትተው ከኋላዋ ቆመው ኖሯል። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አነበቡ።

«‹ከሰው ሰማሁ› ትያለሽ። የምን ከሰው? ‹ከእናቴ ሰማሁ› በይ እንጂ።»

«አልልም። አንቺ በር ላይ ተቀምጠሽ አወራሽ፤ ያተምኩት እኔ ነኝ።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል» አሉ እናቷ ቀስ ብለው። ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። «ሰውዬው ያን ጊዜ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ፊቴን አዙሬበታለሁ።»

«የአፉ አይታሽ ይሆናል። ይሄ ግን የጽሑፍ ነው፤ ይታረማል።»

ገጹን ከፍታ ዓረፍተ ነገሯን ከነምንጯ ሰረዘቻት። መዝገበ ዕውቀቱ ማንም ሰው አንድ ነገር ሲለውጥ ከሥር «የለውጥ ምክንያት» የምትል ጠባብ ሣጥን ያቀርብለታል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እርማት» ብሎ ያልፋል፤ እሷም ስምንት ዓመት «እርማት» ስትል ኖራለች። ዛሬ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የዚህ ዓረፍተ ነገር ምንጭ እኔ ነኝ፤ እኔም አላየሁም።»

«አስቀምጥ» የምትለዋን ተጫነች። ከዚያ ያንኑ መስመር ቀድታ የራሷ የምርጫ ገጽ ላይ፣ ከሃያ ሦስቱ ድምፆች በላይ ለጠፈችው። ምርጫው ሊዘጋ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረው ነበር።