ምድር ቤቱን ያየው ሰው

ደላላዋ የምትታማው በአንድ ነገር ነበር፤ የሥራ አጋር ስትመርጥ ባል የምትመርጥ ይመስላታል ይሏታል። ባሏንማ እንዲህ አጣርታ አላገባችም! ቤት የሚፈትሽላትን መሐንዲስና ውል የሚያረቅላትን ጠበቃ እስክታገኝ ስንቱን አጭበርባሪ እንዳበጠረች የምታውቀው እሷ ናት። አንዴ ካመነች ግን አመነች ነው። ጠበቃው “ጋሼ አዩት?” ይላል፣ “አዩት” ትለዋለች፣ ውሉ ይጻፋል። ደንበኞቿም በሰላም ይተኛሉ።

ጋሼ የሚሉት መሐንዲሱን ነው። “ቤት ስታሻሽጪ ቀለሙን ተይው፣ መሠረቱን ጠይቂ” ብለው ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፍተሻው ቶሎ ያልቅላቸው ጀምሯል። እሷ ይህን የልምድ ብዛት ነው አለችው። ጉልበታቸውን ሲያሹ ብታይም ወንበር ሳበችላቸው እንጂ አልጠየቀችም፤ ማን ደፍሮ ጋሼን “ደከሙ ወይ?” ይላል?

ታናሽ እህቷ ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿን ይዛ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ስትንከራተት የኖረች ናት። ያላትን ጥሪት አሟጥጣ፣ የጎደለውን ተበድራ ቤት ስትገዛ ሌላ ሰው አላማከረችም። “እታለም ካለች አለቀ” አለች።

ዝናቡ ሲጠና ያቺው እህት ደወለች። ደላላዋ ስትደርስ የሳሎኑ ወለል ከግድግዳው ለቅቋል፣ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ ብሏል። ለጠበቃውም ለጋሼም ደወለች።

ጠበቃው ቀድሞ መጣ።

“ገዢዋ ቤቱን አስፈትሻ፣ ባለበት ሁኔታ ተረክባለች ይላል ውሉ” አለ አንገቱን ደፍቶ። “የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጋሼ አይተውታል ስላልሽኝ።”

“ሻጩስ?”

“ስልኩ አይሠራም። ቢገኝም በዚህ ቃል ይረታናል።”

ጋሼ እያነከሱ ደረሱ። ከሳሎኑ ሥር ወዳለው ምድር ቤት የሚያወርደው ደረጃ ላይ ሲቆሙ መደገፊያውን ጨበጡ፣ አንድ እግራቸውን ሰደዱና መልሰው ሰበሰቡት።

“ልጄ፣ አንቺ ውረጂ” አሏት። “የሚታይሽን ንገሪኝ።”

የስልኳን መብራት አብርታ ወረደች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አለፈ።

“ግድግዳው ወደ ውስጥ አብጧል፣ ጋሼ። ስንጥቁ እጄን ያስገባል።”

“ሽቅብ ነው አግድም?”

“አግድም።”

“ከጥጉ እስከ ጥጉ?”

አጠያየቃቸው ሌላ ሰው አውርዶ መጠየቅ የለመደ ሰው አጠያየቅ ነበር። ያኔ ገባት።

“ቤቱ ሲገዛስ ማነው ወርዶ የነገርዎት?”

ጋሼ መደገፊያውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

“ሻጩ” አሉ። “ደረቅ ነው አለኝ። መውረድ አቃተኝ ብዬ እንዳልነግርሽ፣ ትተዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።”

ልትጮህባቸው ፈለገች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ተረቱ ፈረሱን ይወቅሳል እንጂ፣ ማርጀቱን እያየ የጫነውን ሰው አይጠይቅም። ወጥታ አጠገባቸው ቆመች፤ ጉልበታቸውን ያሹ ነበር። አሳዘኗት፤ በማዘኗም ተናደደች።

“ልጆቹን ይዛችሁ ዛሬውኑ ውጡ” አሉ ጋሼ።

እህቷ የልጆቹን አንሶላ እያጠፈች ሰማቻቸው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጮኻባት ቢሆን ለደላላዋ በቀለላት።

“እሺ፣ እንወጣለን” አለች። “ግን እታለም፣ ነገ አንድ የምታምኚው ሰው አምጪና ይይልን። አንቺ መቼም ሰው አታጪም።”

ደላላዋ ስልኳን አወጣች። ስሞቹን ወደ ታች ገፋች፣ ወደ ላይ መለሰች። ጠበቃው ጫማውን ያያል። ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። የምታምናቸው ሰዎች ሁሉ እዚሁ ቤት ውስጥ ነበሩ።