ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራ ዱቄት

ዱቄቱን መሥራት ከመጀመሬ በፊት የታላቅ ወንድሜ ጉድጓድ ውሃ በሊትር ስልሳ ሁለት ማይክሮግራም የአረም መድኃኒት ነበረበት። እኔ በምሠራበት የውሃ ላቦራቶሪ የሚፈቀደው ወሰን ሁለት ነው። መድኃኒቱ ከላይኛው የበቆሎ እርሻ እየሰረገ የሚወርድ ነው፤ በቆሎን አይነካም፣ ቲማቲምን ግን አይምርም። ወንድሜ ሁለት ዓመት በተከታታይ ችግኝ አፍልቶ ሁለቱንም ጊዜ ነቅሎ ጥሏል። "ዘንድሮም ካልያዘ መሬቱን ትቼ ድንጋይ ካባ እገባለሁ" ብሏል። አባታችን ሳንባውን የጨረሰው እዚያው ካባ ነው።

የበቆሎ ቆረቆንዳ በተከደነ በርሜል አክስዬ ፈጨሁት፤ ከዚንክ ጨው ጋር ለውሼ እንደገና ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። እንዲህ ያለው ዱቄት ፀሐይ ሲያገኘው ውሃው ውስጥ ያለውን መድኃኒት እንዲሰባብር የታሰበ ነው። ወንድሜ ግቢ ሠላሳ ሠላሳ ሊትር የሚይዙ ሁለት ዝርግ ሳፋዎች አስቀምጬ የጉድጓዱን ውሃና ዱቄቱን ጨመርኩባቸው።

"አንዱ ይሸፈናል" አልኩት።

"ምነው፣ ብርድ መታው?"

"ጋሼ ሙት፣ የምሬን ነው። ፀሐይ ያላገኘው ካልጠራ ነው ሥራው የብርሃኑ መሆኑን የማውቀው።"

"የችግኙ መደብ በቀን ስልሳ ሊትር ይጠጣል። ፀሐይ በነፃ እየወጣች ግማሹን ጨለማ ልታስቀምጪው? እንኳንም ፕሮፌሰር አልሆንሽ!"

ሳቅኩ። መሸፈኛውንም መኪናው ውስጥ መለስኩት።

ከሰዓት በኋላ ውሃውን ስለካው ዜሮ ነጥብ ስድስት ሆነ። በየሳምንቱም ያው ነበር። ወንድሜ ውሃውን በጨርቅ እያጠለለ ያጠጣል፣ ያገለገለውን ዱቄት አጥሩ ሥር ይከምራል። ችግኞቹ ስንዝር ደረሱ።

በሠላሳኛው ቀን ደወለልኝ። "ይሄ ጥቁር ክምር ለአፈር አይሆንም?"

"መድኃኒቱ ተሰባብሮ አልቋል፤ ተራ ከሰል ነው። ነስንሰው" አልኩት።

ከስድስት ቀን በኋላ ስደርስ መደቡ ራስጌ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ሰላም ሊለኝ አልተነሳም። ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ጀምረው ቢጫ ሆነዋል፣ ግንዳቸው ተኝቷል።

"ምን አደረግህባቸው?"

"ያልሽኝን።"

ዱቄቱ የመደቡ ጫፍ ሳይደርስ አልቆ ነበር። እዚያ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ፣ ችግኙ አረንጓዴ ነው።

በማግስቱ አንዱን ሳፋ ሸፍኜ አንዱን ፀሐይ ላይ ተውኩት። ሁለቱም ዜሮ ነጥብ ስድስት ሆኑ። ብርሃኑ ምንም አልሠራም። ከሰሉ መድኃኒቱን ሳይሰብር አፍኖ ይዞት ኖሯል፣ አፈር ሲገባ መልሶ ለቀቀው፤ የሠላሳ ቀኑን በአንድ ጊዜ መደቡ ላይ አስደፍቼዋለሁ። ለወንድሜ ይህንኑ ነገርኩት።

"እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው በይኛ። ያላስሸፈንኩሽ እኔ ነኝ።"

"አንተ ገበሬ ነህ ጋሼ። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለ።

ሰኞ ካባ እንደሚገባ የሰማሁት ከሚስቱ ነው። ቅዳሜ ሦስታችን የተረፉትን ችግኞች ወደ ማሳው አዛወርን። ማሳው በየመስመሩ ሃያ ችግኝ፣ በጠቅላላው ስልሳ መስመር ይይዛል። አራት መስመር ሞላን። አምስተኛው ላይ ሦስት ችግኝ ተተከለ።