የእግዜር እፍኝ

እኛ በህንድ ተራሮች የምንኖር ሚዞዎች ሩዝ ስንጥድ አስቀድመን አንድ እፍኝ ለእግዜር በጣሳ እናስቀምጣለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት ዞሬ ለቤተ ክርስቲያን የምሰበስበው እኔ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የህራንጋ ጣሳ ሁልጊዜ ጢም ብሎ ነው የሚጠብቀኝ። እሁድ ስሙ ከመድረክ ሲጠራለት በኩራት የሚሆነውን ያጣል።

የዚያን ቅዳሜ ስደርስ ጣሳው ጎድሏል። ትንሿ ልጁ ታማ ሰንብታ፣ ሚስቱ ሳንጊ ከዚያው ዘግና አብልታታለች።

«ከእግዜር አፍ ትነጥቂያለሽ?» አላት።

«ልጄ ራበኝ ስትለኝ...»

አላስጨረሳትም። ፍልጥ አንስቶ ክንዷ ላይ አሳረፈባት፤ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ስትወድቅ ሆዷን በእርግጫ ደገማት። መሃል ገባሁ። በክርኑ አፌን ሲለኝ ደም ተፋሁ።

«እማማ ማዊ፣ እርስዎ ደግሞ በሰው ትዳር ምን ጥልቅ አደረገዎት? ይልቅ ይጸልዩላት» አለኝ፣ ፍልጡን እንደያዘ። እጁ ይቆረጥና!

እሁድ ጸሎት የመራው እሱ ራሱ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይጸልያል፣ ማን ምን እንደሚል አይለይም፤ ደወል ሲመታ ጸጥ ነው። ህራንጋ እንባውን እያወረደ ስለ ድሆች ጮኸ። ደወሉ ተመታ፣ ሰዉ ዝም አለ። አጠገቤ የቆመችው ሳንጊ ግን አልሰማችም። የተሰበረ ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች ቀጠለች።

«ጌታዬ፣ ለልጄ የምትበላውን ስጣት። ይሄን ሰውዬ ግደልልኝ። አመሰግንሃለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ግደልልኝ።»

ህራንጋ ከመድረክ ዘሎ ወረደ። በእግዜር ቤት፣ በሰው ፊት፣ ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከአግዳሚው ጋር አላተመው። ደሟ ቀሚሴ ላይ ተረጨ። ደገመው። ወንዶቹ? ወለል ወለሉን ያያሉ፤ ወንድ ይሙት!

«አሜን!» ብዬ ጮህኩ። የሷን ጸሎት ነው አሜን ያልኩት። በርጩማ አንስቼ ጉልበቱን ስለው ተንበረከከ። ሴቶቹ ከኋላዬ «አሜን! አሜን!» እያሉ ወረዱበት። ጥርሱ ሲረግፍ፣ ክንዱ ሲሰበር አየሁ፤ አላዘንኩም፣ አሁንም አላዝንም። ነፍሱ እንኳ አልወጣችም።

ሳንጊንና ልጇን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ቅዳሜ የሰበሰብኩት ሩዝ ገና ቅርጫቴ ውስጥ ነበር። በድስት ሙሉ ጣድኩት። በማግስቱ ፓስተሩ መጣ፤ ስለ ህራንጋ ጥርስ ሊጠይቀኝ ነው ስል፣ ቅርጫቱን ባዶ አይቶ ደነገጠ።

«የእግዜርን ሩዝ ማን በላው?»

«እግዜር።»

«እማማ ማዊ፣ አይቀልዱ!»

«ምን እቀልዳለሁ? ያቻትልህ፣ ምድጃው ጥግ» አልኩት። «አራት ዓመቷ ነው። ገና አልጠገበችም።»