አኩራፊው ምድጃ

ዙፋን በሕይወቷ እንደ «አረፍ በይ» የጠላችው ቃል የለም።

ቦንጋ ውስጥ ድግስ ተደግሶ ዙፋን ወጥ ቤቱን ሳትይዝ የቀረችበት ጊዜ አይታወስም ነበር። ሽንኩርቱ ምን ያህል ይበቃል፣ የቱ ሥጋ ለጥብስ፣ የቱ ለወጥ ይሁን ሲባል ጥያቄው ሁሉ ወደ እሷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ውስጥ ቆማ ሴቱን ሁሉ ስታዝ ኖረች። አምና ግን የዓይን ሐኪሙ «ከእንግዲህ ጭስ አጠገብ እንዳይደርሱ» ብሎ ቁርጡን ነገራት። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ ድግስ ቤት ስትደርስ ወንበር ይሳብላታል፣ ሳህን ይሰጣታል፣ «አረፍ በይ ዙፋንዬ፣ አንቺማ ደክመሻል» ትባላለች። ሰው በፍቅር ነው የሚላት። እሷ ግን በቁሟ የተቀበረች ይመስላታል።

የልጇ የሊና ባል ሙሌ ብየዳ ሠራተኛ ነው። የአማቱን ፊት መጥቆር ሲያይ ከረመና ከአሮጌ በርሜል የማጨሻ ምድጃ ሠራላት። ጎኑ ላይ ፔሌት የሚሞላበት ሳጥን አለው። ፔሌት የሚሉት የእንጨት ብናኝ ታምቆ የሚወጣ፣ የዶሮ መኖ የሚመስል ነገር ነው፤ ሙሌ የሚያሳምቀው ገበሬዎች ቆርጠው ከጣሉት ካረጀ የቡና ግንድ ነው። እንደ ሥጋ መፍጫ ያለ ጠመዝማዛ ብረት በኤሌክትሪክ እየዞረ ፔሌቱን ጥቂት በጥቂት ወደ እሳቱ ይገፋል፤ ጭሱ ሥጋውን ዞሮ በረጅም ቧንቧ ሽቅብ ይወጣል እንጂ ወደ ሰው ዓይን አይመጣም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመኪና ባትሪ አለው። ቦንጋ ነዋ!

መጀመሪያ ላይ ዙፋንና ምድጃው ተጣሉ። እሷ እሳት መቆስቆስ እንጂ የሙቀት ማዞሪያ ማዞር መች ታውቃለች? አንድ ቀን ቶሎ ይድረስልኝ ብላ ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞረችው፤ ዶሮው ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ደም ሆነ። ሌላ ቀን ዝናብ የነካው ፔሌት ጨመረችና ነጭ ድፍርስ ጭስ ተነሣ፤ ሥጋው እንደ ኮሶ መረረ። እያደር ግን ተግባቡ። ጭሱ ስስ ሆኖ ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ ነው ደጉ። በመጀመሪያ ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ ሥጋውን ጭስ ማጠጣት፣ ኋላ ከፍ አድርጎ ማብሰል ነው። ከሁሉም በላይ ክዳኑን አለመክፈት! ከተከፈተ ሙቀቱ ይወርድና ለመመለስ ዘመን ይፈጅበታል።

«አኩራፊ ነው» ትላለች ዙፋን። «አንዴ ካስከፉት በስንት ልመና ነው የሚመለስ።»

ስሙም አኩራፊው ሆኖ ቀረ።

የጎረቤቷ የበላይነሽ ልጅ ሳምሪ አግብታ የመልሱ ቀን ሲቃረብ ዙፋን «የበጉን ነገር ለኔ ተዪው» አለቻት። በላይነሽ አመነታች። የሙሽራው ወገኖች የሚመጡት ከዋጫ ነው፤ በመልስ ቀን አማቶች ፊት መዋረድን የመሰለ ነገር የለም። የጉርብትና ይሉኝታ ያዛትና ግን «እሺ። ከሽሺንዳ ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ጠርቻለሁ፤ ካልሆነልሽ እነሱ ይይዙታል» አለች። ዙፋን ነገሩ ገባት። የዛሬው በግ ካልሆነ እስከ ዕለተ ሞቷ ወንበሩ ላይ ናት።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አኩራፊው በበላይነሽ ጓሮ ተተክሎ ነበር። በኮረሪማ፣ በጥምዝና በማር የታሸውን ሥጋ ደረደረችና ክዳኑን ገጠመችው። ስስ ጭስ ወጣ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ልክ ቦታው ላይ ቆመ። «ጎበዝ» አለችው።

ችግሩ የጀመረው እንግዳ መግባት ሲጀምር ነው። እኛ አገር እንግዳ ጓሮ ዘልቆ፣ ድስት ገልጦ፣ «እጅሽ ይባረክ» ሳይል ቁጭ አይልም። ማየት አክብሮት ነው፤ አለማሳየት ንፉግነት ነው። «እስቲ የሙሌን በርሜል ልየው» ይላል አንዱ፤ ክዳኑ ይከፈታል። «እኔስ?» ይላል ሌላው። ዙፋን እምቢ ማለት አልሆነላትም፤ ሲያሳይ እንጂ ሲደብቅ ባልኖረ እጇ እንዴት ታድርገው? የባሱት ደግሞ ጋሽ ገሠሠ ናቸው። ከግብርና ቢሮ በጡረታ የወጡ፣ ድግሱን የሚመርቁ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ይመጣሉ፣ ይከፍታሉ፣ ሥጋውን በምርኩዛቸው ነካ ያደርጋሉ፣ «ገና ነው» ብለው ይሄዳሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይመለሳሉ።

ቀስቱ ወረደ። እንደገና ወረደ። ረፋዱ አልፎ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ጠጣር ነበር።

ሙሌን ላብ አጠመቀው። «እማማ፣ እሳቱን እስከ ጥግ ልልቀቀው?»

«ያሳረርኩትን ዶሮ ረሳኸው? አይነካም!»

ስልክ ተደወለ፤ አማቶቹ ጉዞ ጀምረዋል። በላይነሽ ወንበር እየጎተተች ወደ ጓሮ ወጣች። ድምፅዋ ማር ነበር። «ዙፋንዬ፣ ግዴለም፤ የሽሺንዳዎቹ ከትፈው ይጥበሱት። አንቺ እዚህ ላይ አረፍ በይ።»

ዙፋን ወንበሩን አየችው። ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ጋሽ ገሠሠ ምርኩዛቸውን ይዘው እንደገና ብቅ አሉ። በዚህን ጊዜ ነው ልቧ የበራ። ወንበሩን አንሥታ እየሮጠች አኩራፊው አጠገብ ተከለችው።

«ጋሼ፣ መጡልኝ! በእርስዎ አፍ ሳይመረቅ ቀርቶ ነው እንዲህ የከፋው። መርቀው ይዝጉልኝ!»

ጋሽ ገሠሠ እንዲህ ያለውን እንዴት እምቢ ይበሉ! ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ። «እሳቱ ይቅና፣ ሥጋው ይጣፍጥ፣ ሙሽሮቹ ይውለዱ ይክበዱ!»

«አሜን!»

«የከፋው ይታረቅ!»

«አሜን!»

ክዳኑን በሁለት እጃቸው ጫን አድርገው ገጠሙት። ዙፋን እጃቸውን ሳመች። «እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ በምርቃት የዘጉትን ከእርስዎ በቀር ማን ደፍሮ ይከፍታል?»

ከዚያ ወዲያ አኩራፊው ዘበኛ አገኘ። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተሰይመው ምርኩዛቸውን ክዳኑ ላይ አጋደሙ። የመጣ ይመለሳል። «ተመርቋል! ሂድ ወደዚያ!» ሙሌን ራሱን በምርኩዝ አባረሩት። አንድ ጊዜ ብቻ እጃቸው ሾልኮ ወደ ክዳኑ ሲሄድ ዙፋን «ጋሼ፣ ምርቃት ሳይደርስ ተከፍቶ ይታያል እንዴ?» አለቻቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቀስቱም ቀስ እያለ ወጣ፤ ዙፋን ማዞሪያውን ነካ አደረገች፤ ቀስቱ ይበልጥ ወጣ።

አማቶቹ በጭብጨባና በእልልታ ሲገቡ የሙሽራው አባት ሽታው ስቦት ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ መጣ። ጋሽ ገሠሠ ለእሱም ክዳኑን አልከፈቱም። «የዋጫ ሰው ትዕግሥት ያውቃል ሲሉ ሰማሁ» ብለው አስቀመጡትና ስለ ከብት ክትባት ያወሩት ጀመር። ወሬው መጨረሻ አልነበረውም። ዙፋን በልቧ፣ ዕድሜ ይስጥዎ ጋሼ፣ ያውሩ፣ ያውሩ አለች።

በመጨረሻ «ጋሼ፣ ይክፈቱልን» ስትል ሰዉ ምድጃውን ከበበ። ጋሽ ገሠሠ ክዳኑን አነሡ። የበጉ ጎድን ማሩን ጠጥቶ ቀይ ዳማ ሆኗል። ዙፋን አጥንቱን በሁለት ጣቷ ሳብ ስታደርገው ያለ ቢላ ወጣ። ሰዉ እልል አለ።

የሙሽራው እናት እትዬ ፍሬ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ሁለተኛውን ሳትጠብቅ ተነሣች። «ይህን የሠራችው ማን ናት? ታናሹን ልጄን ስድር ዋጫ ድረስ ትመጣልኛለች፤ አልሰማም እምቢ ብትል!»

ዙፋን መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ከኋላዋ በላይነሽ ጮኸች። «አንቺ ዙፋን! ሰዉ ሥጋ ሥጋ እያለ ምን ይገትርሻል? ቢላውንስ የት ነው የጣልሽው? ነይ እንጂ!»

ድግስ ቤት ውስጥ ዙፋንን የተቆጣ ሰው ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር። ደስታው ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ወረራት።

«መጣሁ አንቺ ጨቅጫቃ! መጣሁ አልኩሽ!» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየሳቀች ሮጠች። ወንበሩ ላይ ጋሽ ገሠሠ ተመቻችተው ጎድን ይግጡ ነበር።