ምንም አልጎደለብንም

የልጁን እንጀራ በገዛ አፉ የሚዘጋ ወላጅ አይታችሁ የማታውቁ እኔን እዩኝ። አክበረት እባላለሁ። ሮግስቬድ በሚባል የስቶክሆልም ሰፈር አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሥራዬ ሄምቸንስት የሚሉት ነው፤ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን ቤት ለቤት እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ። ስዊድን ከገባሁ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ሐበሻ የቤቴን ገመና ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቴን ውሻ ይብላው!

ባለቤቴ ሰላምሰገድ ደብረ ብርሃን አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። እዚህ ሲመጣ ዲፕሎማውን አገላብጠው አዩና "አይበቃም፣ እንደገና ተማር" አሉት። እሺ ብሎ ተማረ። ቋንቋውን ቻለ፣ ኮርሱን ጨረሰ፣ ማመልከቻ ያላስገባበት ትምህርት ቤት የለም። የጠራው ግን አልነበረም። በመጨረሻ አውቶቡስ ማጠብ ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ መጣና ጫማውን ሳያወልቅ መኝታ ቤት ገባ። ገባ፣ በቃ። ይኸው አራት ዓመቱ። እየተለመነ ይበላል፣ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ መታጠቢያ ቤት ደርሶ ይመለሳል፤ አንዴ ሆስፒታል ከወሰድኩት በቀር ከዚያ አያልፍም። ሐኪሞቹ ለሕመሙ ስም አላቸው። እኔ ስሙን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።

ቤተ ክርስቲያን "ሰላምሰገድ ምነው ጠፋ?" ሲሉኝ "ኖርዌይ ጥሩ ሥራ አግኝቶ ሄደ" አልኩ። አንዴ ካሉ ወዲያ መመለሻ የለውም። በርገን የሚባል ከተማ አስቀመጥኩት፣ መርከብ ድርጅት አስቀጠርኩት፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ፈቃድ አስከለከልኩት። ምን ላድርግ? አበደ ይበሉት? ዛሬ እሱን ያሙታል፣ ነገ ደግሞ "የዘር ነው" ብለው ልጄን ማን ያገባታል?

ልጃችን ርሆቦት በስድስት ዓመቷ ነው የመጣችው፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል። አማርኛ አንድ ቃል አያመልጣትም፣ ስትመልስ ግን በስዊድንኛ ነው። እኔ በአማርኛ ስቆጣ እሷ በስዊድንኛ ስትመልስ ኖረናል። ሁለተኛ ደረጃ የገባች ዓመት የአባቷ ሕመም ጠናና አንድ ቀን በመኝታ ቤቱ በረንዳ ላይ ወንበር ከአጥሩ አስጠግቶ፣ ወንበሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ አብራኝ ትወጣለች፤ እኔ ባቡር ስሳፈር ተመልሳ አባቷን ትጠብቃለች። ለካ ስንት ወር! ለእኔ የነገረኝ ከትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ ነው። የዚያ ዓመት ውጤቷ አፈር በላ። በኋላ እንደ እሳት ተነስታ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሕክምና ለመግባት ውጤት ሁሉ ሙሉ መሆን አለበት። ያኔ ለምን ወደቅሽ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም።

አሜሪካኖቹ ግን ጠየቁ። አንድ የአሜሪካ ፋውንዴሽን ነው፤ እንቅፋታቸውን አልፈው የተማሩ ልጆችን በየአገሩ ይፈልጋል። የመረጠውን ልጅ አሜሪካ ወስዶ ከነምግቡ ከነማደሪያው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ርሆቦት ታሪኳን በእንግሊዝኛ ጽፋ ላከች። ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ከስንት መቶ ልጅ ስድስት ሲቀሩ አንዷ እሷ ሆነች። የቀረው የቤት ጉብኝት ብቻ ነው፤ ሰው ይመጣና እሷ በሌለችበት ወላጆቿን ያነጋግራል።

"ማማ" አለችኝ በዚያ በስዊድንኛዋ፣ "እንዳለው ንገሪያቸው። ምንም እንዳትጨምሪ፣ ምንም እንዳትደብቂ።"

"አባትሽንም?"

"በተለይ አባዬን።"

ለሰሚው ግራ ነው! እኛ አገር ለልጅህ ወንበር ሊሰጥ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው የማን ልጅ ናት ብሎ ነው። እኔ የማውቀው ለጨዋ ቤት ልጅ ነው የሚሰጠው። እነዚህ ደግሞ ቁስላችሁን አሳዩኝ ይላሉ። ችግራችንን እኮ ለእግዚአብሔርም የምንነግረው በሹክሹክታ ነው። ልጄ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች አልላወስ አለች። በመጨረሻ በእመቤቴ ብዬ ማልኩላት።

ከዚያ አባቷ ዘንድ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ "አባዬ ወጥቶ እንግዳዋን ሰላም ይላል" አለችኝ። አላመንኳትም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሱ ምላጭ ጠየቀኝ። ተላጨ፣ የድሮ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ሰፍቶታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና "ስትጠሪኝ እወጣለሁ" አለኝ። እወጣለሁ! አራት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ቃል ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ሳምቡሳ እየጠበስኩ አለቀስኩ። ርሆቦት ሁለታችንንም ስማን ወጣች፤ ሆግዳለን ላይብረሪ እጠብቃለሁ አለች።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተደወለ። ከፈትኩ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ፈገግታቸው የማያልቅ አሜሪካዊት ሴትዮ። ከኋላቸው ደግሞ፣ የአስተርጓሚ ወረቀት ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ አዜብ! የጽዋ ማኅበራችን አዜብ፣ ሶለንቱና የምትኖረዋ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማታውቀው ሰው የሌለ። ስንት ሰው በሞላበት ስቶክሆልም እሷን ይዘውብኝ ይምጡ?

"ውይ፣ አክበረት! አንቺ ነሽ እንዴ? አድራሻ ብቻ እኮ ነው የሰጡኝ" አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። "አይዞሽ፣ ሚስጥር ለመጠበቅ ፈርሜአለሁ።"

ፈርሜአለሁ! የሐበሻን ምላስ መቼ ነው ፊርማ የያዘው?

"አንድ ጊዜ ይቅርታ" ብዬ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። ሰላምሰገድ ድምፅ ሰምቶ ተነስቶ ቆሟል፤ ክራቫቱን ያስተካክላል።

"እንዳትወጣ" አልኩት።

"ምነው?"

"ሐበሻ አለች። አዜብ ናት። በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ድምፅህ እንዳይሰማ።"

ክራቫቱን ለቀቀ። ከዚያ መልሶ ተቀመጠ። በሩን ዘጋሁበት።

ሴትዮዋ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አዜብ ተረጎመች፤ "ርሆቦት ስታድግ ትልቁ ችግሯ ምን ነበር ይላሉ።"

ማልኩላት እኮ። ቀና ብል አዜብ፤ ከአዜብ ኋላ እሑድ፤ እሑድ ላይ ያ ሁሉ ነጠላ ለባሽ።

"ችግር?" አልኩ። "ምን ችግር አለ ብለሽ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም።"

አዜብ እኔን ሳታይ ተረጎመች። ሴትዮዋ ወረቀታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ከትምህርት የቀረችበት ጊዜ ነበር ወይ ይላሉ።"

"ርሆቦት? አንድም ቀን!"

"ባለቤትሽን ሰላም ማለት ይቻላል ወይ ይላሉ።"

"ባለቤቴ ኖርዌይ ነው። በርገን። መርከብ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሥራ ነው ያለው።"

ሴትዮዋ ሁለተኛ አስጠየቁኝ፤ እዚህ ቤት አይኖርም? አይኖርም፣ አራት ዓመቱ ነው አልኩ። ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ከመኝታ ቤት ሳል ተሰማ። አንድ ጊዜ፣ እንደምንም የታፈነች ሳል። ሦስታችንም በሩን አየን።

"ጎረቤት ነው" አልኩ። "የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው።"

አዜብ ይህንንም ተረጎመች። ሴትዮዋ ጻፉ። ከዚያ ሳምቡሳዬን በሉ፣ ቤቴ ንጹሕ ነው አሉኝ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔ ነፈዟ ደስ አለኝ! ልጄን ያኮራሁ መሰለኝ። በሩን ዘግቼ ሰላምሰገድ ዘንድ ስገባ ሙሉ ልብሱን አውልቆ፣ አጣጥፎ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል።

"አክበረት" አለኝ ሳይዞር፣ "ኖርዌይ ይበርዳል?"

ሙሉ ልብሱን አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩት። ርሆቦት ደረጃውን በሩጫ ወጥታ "እንዴት ነበር? አባዬ ወጣ?" ስትለኝ "ሁሉም ጥሩ ነበር" አልኳት። እሷንም ዋሸኋት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ልጄ አሜሪካ ልትሄድ ነው ብዬ አወራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። ወጥ ቤት ቆማ ከስልኳ አነበበችው፣ ከዚያ ቀስ ብላ በስዊድንኛ ነገረችኝ። የጻፈችው ታሪክና ቤቷ ድረስ ተሄዶ የታየው አልተገናኘም፤ ፋውንዴሽኑ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እውነተኛ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ስሟ ተሰርዟል።

"ማማ፣ ምንድነው ያልሻቸው?"

ነገርኳት። ሳሉንም፣ ጎረቤቱንም፣ በርገንንም። ብትጮኽ፣ ብትሰድበኝ፣ ሰሃን ብትሰብርብኝ ምን ነበረበት! የጻፈችውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በአንድ ቤት ሁለት ዝግ በር ይዤ ቀረሁ፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ወደ ሥራ መሄጃዬ ሰዓት አለፈ።

ወረቀቱን ይዤ በማግስቱ አዜብ ዘንድ ሶለንቱና ሄድኩ። ሌላ ማን አለኝ? አንብቢልኝ አልኳት። ርሆቦት በረንዳውን ጽፋዋለች፣ ወንበሩን ጽፋዋለች። ከዚያ አዜብ እንዲህ ብላ አነበበችልኝ፤ "አባቴ ከክፍሉ አይወጣም፤ ሒሳብ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ያቃተኝን ጥያቄ በበሩ ሥር አስገባለታለሁ፣ ሠርቶ በበሩ ሥር ይመልስልኛል። እስካሁን የሠራልኝ ሁለት ሣጥን ወረቀት ሞልቷል። እናቴ ቀን የሰው አባት አጥባ ትመጣለች፣ ማታ አባቴን ታጥባለች። ከእሷ የበረታ ሰው አላውቅም። አንድ ቀን ይህን ሳታፍር እንድትናገር እፈልጋለሁ።"

በበሩ ሥር! እዚያው ቤት እየኖርኩ አላውቅም ነበር። ሰላምሰገድ ማስተማሩን አላቆመም ነበር፤ ያቆመ የመሰለኝ እኔ ነኝ። አዜብ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩና ሁሉንም አፈረጥኩት፤ በርገን የሚባል የለም፣ መርከብ የለም፣ ያ ሳል የባሌ ነው አልኳት።

አዜብ አንገቷን ደፋች። "አክበረት፣ እናውቃለን እኮ።"

"እነማን?"

"ሁላችንም። ሦስት ዓመት ሆነን። እትዬ ተዋበች ሆስፒታል ሲያጸዱ አይተዋችሁ ነበር። እንዳይከፋሽ ብለን ነው ስለ በርገን የምንጠይቅሽ።"

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው የእኔ ነው! "ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አልሽ?" ብዬ ጮኽኩባት።

"አስተርጓሚ ነኝ፤ ያልሽውን ነው የማደርሰው" አለችኝ። ደግሞም፣ "አንቺ የሸፈንሽውን እኔ ልግለጠው?"

አብረን ደብዳቤ ጻፍን። ዋሽቻለሁ፣ ልጄ እውነተኛ ናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኑና ባሌን እዩት አልን። የሐኪም ወረቀቱን አያያዝን። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን፣ ቦታው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እኔ ከቆጡም ምንም አላወረድኩ።

እሑድ ርሆቦትን ለምኜ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። በዚያ ቀን ልናገር ቆርጫለሁ። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር በአፌ ልናገረው፤ ልጄ ቆማ ትስማኝ፣ የጻፈችው ይፈጸምላት። ሌላ የምሰጣት ምን ቀረኝ? ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ እትዬ ተዋበች ከሴቶቹ ጋር ቆመው አገኙን።

"አሜሪካ መቼ ነው ታዲያ? ሰላምሰገድስ ለሽኝቱ ከኖርዌይ ይመጣል?"

"እትዬ ተዋበች" አልኩ፣ "ሰላምሰገድ እኮ..."

ርሆቦት ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ እጅ ነሳቻቸውና በአማርኛ፣ ሳትደናቀፍ፣ በእኔው ድምፅ ተናገረች።

"አባዬ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው። አሜሪካን እኔው ነኝ የተውኩት፤ እማዬን ትቼ የት እሄዳለሁ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም።"

"እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ እትዬ ተዋበች፣ ሁሉንም የሚያውቁት እትዬ ተዋበች፣ ግንባሯን እየሳሙ። "አማርኛዋ እንዴት ያምራል! አክበረት፣ ታድለሽ፤ ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው።"

ሴቶቹ ሁሉ "አሜን፣ ትደግልሽ" አሉኝ። ተሰናብተን ባቡር ተሳፈርን። እስከ ሮግስቬድ ድረስ በአማርኛም በስዊድንኛም አንድ ቃል አልተናገረችኝም።